ዝናብ የጣለባቸው ሁለት ቀናት

ውድ ካልሳው፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያውን ቢሮ ውስጥ ጀምሬ ሰላምታውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሁለተኛውን ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት፤ ስወርድ እዚያው ጥዬው ወረድኩ። ሦስተኛውን እናትህ አጠገብ ተቀምጬ ሞከርኩ። «እስክሪብቶው ነው የሚንቀጠቀጠው ወይስ አንቺ?» ሲሉኝ ቀደድኩት። አሁን ወደቡ ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጫለሁ። ጠዋት ነው፤ ዛሬ መርከብ የለም። እንዲያም ሆኖ በየመስመሩ ቀና እያልኩ መንገዱን አያለሁ።

ከሄድክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ባሕር ማዶ ካለው ከቡንዳበርግ እርሻ የተመለሱ ልጆች አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስለ አንተ ነገሩን። «ካልሳው ደህና ነው። ማንደሪን ሲለቅም ማንም አይደርስበትም። ግን መሐንዲስ መሆኑን ለማንም አይናገርም» አሉ። ሌላው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ አለፈ። እኔ የመጨረሻዋን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከላዬ አልወረደችም።

የምነግርህ ነገር አጭር ነው። የእግረኛ መንገዱ ጥፋት ያንተ አልነበረም። የእኔ ነበር። የሰጠሁህ ቁጥር ትክክል አልነበረም፤ ትክክል አለመሆኑንም ስሰጥህ አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ብትጥለው አልፈርድብህም። ካልጣልከው ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ። እኔ ብቻ የማውቀው ክፍል አለው፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነም አለ።

ጥናቱን ስንጀምር የነበረውን ደስታ ታስታውሳለህ። የወደብ ዳር ልማት ጽሕፈት ቤቱ ጠርቶን ከአንድ የሽርሽር መርከብ ሁለት ሺህ ሰው ይወርዳል፣ ከተማው መሀል የሚደርሰው ግን ሲሶው አይሞላም፣ ሌላው የት ይቀራል? አለን። እኔ ሒሳቡን ልሠራ፣ አንተ መንገዱን ልትነድፍ፣ ኔቲ ጋራኤ ደግሞ ከሕግ ትምህርት ክፍሉ መጥታ በመንገዱ ላይ የሚኖሩና የሚነግዱ ሰዎች መብት እንዳይነካ ልትጠብቅ አንድ ጠረጴዛ ከበብን። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «አንድ ሒሳብ፣ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ክርክር» እያለ ይስቅብን ነበር። ሱቫ ዩኒቨርሲቲ አብረን ስንማር፣ አንድ ቀን ለገዛ ከተማችን አንድ ነገር እንሠራለን ብለን የተመኘነው ይኸው ደረሰ ብዬ ነበር።

ዘጠኝ መርከብ ቆጠርን። ተማሪዎቼ የእጅ መቁጠሪያ ይዘው ከወደቡ በር እስከ መታጠፊያው ድረስ በሃያ በሃያ እርምጃ ይቆሙ ነበር። መታጠፊያው ላይ አርባ አንድ እናቶች ሸራቸውን ወጥረው ጉልት ይዘዋል፤ እናትህም የሰሌን ቅርጫትና የአበባ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ከዳር ሦስተኛው ላይ ተቀምጠዋል።

«እነዚህ ልጆች ምንድን ነው የሚቆጥሩት?» ብለው ጠየቁህ።

«ሰው ነው፣ ማማ» አልካቸው።

«ለሙሽራ ጥሎሽ የሚነዳ አሳማ እንኳ እንዲህ አልተቆጠረም» አሉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ደግሞ ተጠንቀቁ። ይቺ ኤስሊን የአስማተኞቹ ደሴት፣ የአምብሪም ልጅ ናት። የአምብሪም ሰው የቆጠረው ነገር ይጠፋል።»

እናቶቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ። በስድስት ወር ውስጥ አርባ አንዱም ከዚያ ጠፉ። ቀልዱን ባስታወስኩ ቁጥር እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል።

አሁን ሒሳቡን ልንገርህ፤ አንተ ይገባሃል። ሰዉን በቦይ እንደሚሄድ ውኃ አድርጌ ነው ያየሁት። ጉልቱ ቦዩን የሚያጠብ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ቢነሣ ውኃው ምን ያህል ይፈጥናል? እኩልታው ቆንጆ ነበር፤ በእጄ ከሠራሁት ሁሉ የሚያምር እሱ ነበር። የሰባቱ ቀን ቁጥር መስመሩ ላይ እንደ ዶቃ ተሰካ። የሁለቱ ቀን ግን አልተሰካም። በአራተኛውና በሰባተኛው መርከብ ዝናብ ጥሎ ነበር። በዝናቡ ጊዜ ሰዉ ከእናቶቹ ሸራ ሥር ገብቶ ይጠጋል፤ እያየ፣ እየተሳሳቀ፣ ቀስ ብሎ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ይሄዳል። ወደ አስፋልቱ የሚወርድ አልነበረም። ሸራው ካለቀበት ቦታ ላይ ግን የቆሙት ሁለት ተማሪዎች ሌላ ነገር ቆጥረዋል፤ መጠለያ ያጣው ሰው በመኪኖቹ መሀል ሮጦ ከመንገዱ ማዶ ወዳሉት ሱቆች በረንዳ ይሻገራል። በደረቅ ቀን ድንጋይ የነበረው ጉልት በዝናብ ቀን ሰውን ከመኪና የሚከልል ግድግዳ ነበር።

የእኔ እኩልታ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም አልቻለም። ለማስተካከል አንድ ሙሉ የዝናብ ወራት እንደገና መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ጽሑፉን የማስገቢያው ቀን ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ዌሊንግተን ላይ በትልቁ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ እንዳቀርበው ተጋብዣለሁ፤ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊነትም በዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእኔ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠች ሴት አልነበረችም። ይህን ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም የምጽፈው፤ ያን ዕለት በልቤ የነበረው ይኸው ስለሆነ ነው። ሁለቱን ቀን ከሠንጠረዡ አወጣሁ።

በማግስቱ የኮኮናት ዳቦ እየገመጥክ፣ የንድፍ ወረቀትህን በብብትህ ይዘህ ገባህ።

«ዘጠኝ መርከብ ቆጥረን የለም እንዴ? እዚህ ሰባት ነው ያለው» አልከኝ።

«ሁለቱ ቀን ዝናብ ነበር። መቁጠሪያዎቹ ውኃ ገብቶባቸው ተበላሽተዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወረቀትህን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋህ። «ኤስሊን፣ እኔ በዚህ ቁጥር ላይ ሲሚንቶ ነው የማፈስበት። በኋላ በላጲስ አይጠፋም።»

«አንተ ሲሚንቶህን አፍስስ፤ ሒሳቡን ለእኔ ተወው» አልኩህ።

ሳቅህ፣ ዳቦህንም ገምሰህ ሰጠኸኝ፣ ሄድክ። መቁጠሪያዎቹ ምንም አልሆኑም ነበር፣ ካልሳው። ደረቅ ነበሩ። ተማሪዎቹ በጃንጥላ ሥር ይዘዋቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ጽሕፈት ቤቱ ከሠላሳ ገጽ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር መዞ አወጣ፦ «ጉልቱ ከመታጠፊያው ቢነሣ የእግረኛው ፍሰት በሲሶ ይጨምራል።» እናቶቹ ወደ ኮረብታው፣ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ እንዲወጡ ተጻፈላቸው። ኔቲ «በዚህ ጽሑፍ ላይ ስሜ እንዳይገባ» ብላ በሩን ዘግታብን ወጣች። አንተ መሀል ቤት ቀረህ። እናቶቹ የለቀቁበትን ቀን ዕቃ ልትሸከም ሄደህ የእናትህን ቅርጫት ስታነሣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ።

«እጅህን አንሣ» አሉህ። «ሥዕሉን የሳልክ እጅ ዕቃ ቢሸከም ምን ያደርጋል?»

«ማማ፣ ላይ ያለው ቦታ ሲሠራ...»

«እንዲህ ያለ ልጅ ከእኔ ሆድ አልወጣም።»

አርባ እናቶች ሰምተዋል። አንተ ቅርጫቱን መሬት ላይ ቀስ አድርገህ አስቀመጥክ፤ እንቁላል ያለበት ያህል። እኔ በዚያን ጊዜ መንገዱን መሻገር ነበረብኝ። መኪና እንኳ አልነበረም።

የካቲት ላይ ትልቁ መርከብ መጣ፤ ዝናቡም መጣ። አንተ በነደፍከው፣ ባሕሩን እንዲያሳይ ተብሎ ገላጣ በሆነው ጠባብ መንገድ ላይ ስድስት መቶ ሰው መጠለያ አጥቶ ወደ አስፋልቱ ፈሰሰ። ሾፌሩ ኢያውኮ ሰው ላለመግጨት ሚኒባሱን ከግንቡ ጋር አላተመው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሁለት አሮጊት ቱሪስቶች ወድቀው ቆሰሉ። ሰው አልሞተም፤ ሳይሞት የቀረው ግን በኢያውኮ እጅ እንጂ በእኛ ሥራ አይደለም።

አጣሪው ኮሚቴ ሲሰበሰብ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ተማሪዎቹ ቁጥሩን በእጃቸው የጻፉበት ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለምን ይዤው እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። መንገዱ ለምን እንዲህ ጠበበ፣ ለምን መከለያ ብረት የለውም ብለው ጠየቁህ። «ቁጥሩን የሰጠችኝ ኤስሊን ናት» ማለት ትችል ነበር። እውነትም ነበር። ዘወር ብለህ እንኳ አላየኸኝም። «ንድፉ የእኔ ነው» ብለህ ተቀመጥክ። የሥራ ፈቃድህን ለሦስት ዓመት ያዙት። ቦርሳዬን አቅፌ ወጣሁ።

አየር ማረፊያው ላይ ከሸኙህ ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። እናትህ አልመጡም። «አንቺ ሥራሽን በደንብ ሠርተሻል፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሒሳብሽን እንዳትተዪ» አልከኝ። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር እምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያልኩህ ግን «ጃኬት ይዘሃል? እዚያ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው» ነው። እንደያዝክ ነግረኸኝ ገባህ።

የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ዌሊንግተን ላይ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ሳስተምር ከጥቁር ሰሌዳው ጫፍ እስከ በሩ እመላለሳለሁ፤ አንድ ተማሪ «ሚስ፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ሆነ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎቱ ሳያልቅ እነሣለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲያንኳኳ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ፤ መርከብ ያለበት ቀን ከሆነ በእግሬ እስከ ወደቡ እሮጣለሁ። ሰው ሲሻገር ቆሜ እቆጥራለሁ። ኮረብታው ላይ ያለውን ጉልት እንኳ መርገጥ ፈርቼ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚጋገረውን ላፕላፕ መብላት ሲያምረኝ ሌላ ገበያ እሄድ ነበር፤ እናትህ እዚያ ስላሉ።

ያወጣኝ የራሴ ጀግንነት ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን አይደለም። ያወጡኝ እናቶቹና ኔቲ ናቸው።

ኔቲ እኛን ትታ ስትወጣ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ኮረብታው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በረንዳ ለምና ማክሰኞ ማክሰኞ ነጻ የሕግ ምክር መስጠት ጀመረች። ተማሪዎቿን ከእናቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሕግ አላስተማሩም፤ «የምታስታውሱትን ንገሩን» ነው ያሏቸው። እናቶቹ ደግሞ የሚያስታውሱት በመርከብ ነው። «ሰማያዊ ጭስ ማውጫ ያለው የመጣ ዕለት ዝናብ ነበር፤ አንዲት ነጭ አሮጊት በርዷት የልጅ ልጄን አንሶላ ለብሳ ስትስቅ ዋለች» አሉ እናትህ። ሌላዋ ሌላውን ጨመረች። ለያንዳንዱ መርከብ አንድ የቀንድ አውጣ ዛጎል ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ። ዛጎሉ ዘጠኝ ሆነ። አንዲት የሕግ ተማሪ ጽሑፌን ገልጣ አየችና «እዚህ ሰባት ነው የሚለው» አለች።

ኔቲ በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም ነበር።

«ተቀመጪ» አለችኝ፣ በገዛ ቢሮዬ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«የመጣው ዘጠኝ መርከብ ነው። ጽሑፍሽ ላይ ሰባት ነው። ሁለቱ ሰመጡ?»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«መቁጠሪያዎቹ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ለካልሳው የነገርሽውን ለእኔ አትንገሪኝ። የቆጠሩትን ልጆች አግኝቻቸዋለሁ። ጃንጥላ ይዘው ነበር።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። ደብተሩ እዚያው ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ከዚያ «ይሄን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ነው እንዴ የእሱን ፍርድ የሰማሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲህ እኔ የእናቶቹ ጠበቃ ነኝ፤ ያንቺ አይደለሁም። ለራስሽ ጠበቃ ያዢ። እንደ ድሮ ጓደኛ ከጠየቅሽኝ ግን፣ ከሁሉ በፊት ለካልሳው ጻፊለት።»

አልጻፍኩልህም። ስለማውቅህ ነው። «ተዪው፣ አልፏል፣ ሥራሽን አታበላሺ» ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ፤ ያን ካልከኝ ደግሞ እንደምተወው አውቅ ነበር።

የእናቶቹን አቤቱታ የሚሰማው ጉባኤ የተቀመጠው ከሦስት ወር በፊት ነው፤ እኔም ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናቶቹ የአበባ ቀሚሳቸውን ለብሰው አግዳሚዎቹን ይዘዋል፤ ኢያውኮ በምርኩዙ ተደግፎ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። እኔ ሁለቱን ቀን ጨምሬ እንደገና የሠራሁትን አንድ በአንድ አሳየሁ። ጉልቱ ቢኖር ኖሮ በዚያ የካቲት ቀን ስንት ሰው ከአስፋልቱ ይርቅ እንደነበር ተናገርኩ። ጨርሼ ሳልቀመጥ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«ይሄንንማ እኔም መናገር እችል ነበር» አለ ኢያውኮ። «ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ሸራ ይሮጣል። ለዚህ ዲግሪ ያስፈልጋል?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ሽማግሌ «አቶ ኢያውኮ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አሉት።

«እኔማ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

የጽሕፈት ቤቱ ጠበቃ ተነሣ። ወጣት ነው፤ ሱፉ ይበዛበታል። «ታዲያ የዋሹት ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አለኝ።

«ያኔ።»

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«የለም።»

«መሐንዲሱ ያውቅ ነበር?»

«ጠይቆኝ ነበር። ዋሸሁት። ሲፈረድበትም ተቀምጬ አየሁት።»

ከሦስተኛው ረድፍ እናትህ ተነሡ። ወደ እኔ የሚመጡ መሰለኝ። እሳቸው ግን ቅርጫታቸውን አንሥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ በመሀል መተላለፊያው ወጥተው ሄዱ። ነጠላ ጫማቸው ሲንሸራተት እስከ ደጁ ድረስ ይሰማ ነበር።

የመጣው ውጤት ይህ ነው። እናቶቹ ወደ መታጠፊያው እንዲመለሱ፣ ከበላያቸውም ጣሪያ እንዲሠራላቸው ተወሰነ። የተመለሱት ግን ሃያ ስድስት ናቸው። አሥራ ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ወደየደሴታቸው ገብተዋል፤ ሦስቱ አርፈዋል። ውሳኔው እነሱን አይመልስም። በአንተ ላይ የተጻፈው ተሽሯል፤ ፈቃድህ ተመልሷል፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። እኔ ለአንድ ዓመት ከማስተማር ታግጃለሁ፤ ኃላፊነቱንም ለቅቄያለሁ። ጽሑፉ ከመጽሔቱ ተነሥቷል። ስምህ ከስሜ ቀጥሎ ነበርና ሳልጠይቅህ ያንተንም ስም ይዤ ነው ያነሣሁት። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ቁጠርልኝ።

ኢያውኮንም ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ አላስቸገረኝም። «ይቺ እግሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድማ ትነግረኛለች። ለጥናትሽ ከጠቀመች መጥተሽ ቁጠሪያት» አለኝ። ሚስቱ ግን ውኃ እንኳ አላቀረበችልኝም። ልክ ናት።

ከሁሉ የከበደኝ ወደ እናንተ መንደር መምጣቱ ነው። አጎቴ ከአምብሪም ድረስ መጣልኝ። የያም ሥር፣ ዶሮና ምንጣፍ ይዘን የመንደራችሁ አለቃ መሰብሰቢያ ቤት፣ ናካማሉ ፊት ቆምን፤ እንደ ወጉ። አለቃው ተናገሩ፣ አጎቴ ተናገረ፣ እኔም የምለውን አልኩ። እናትህ ዘግይተው መጥተው ከዳር ተቀመጡ። ምንጣፉን እግራቸው ሥር ሳነጥፈው ጫፉን በጣታቸው ገልጠው አዩት።

«ማን ነው የታታው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ማማ። አንዱን ዳር እናቴ ረዳችኝ።»

«ያስታውቃል። ሌላው ዳር ጠማማ ነው።»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እናትህ ምንጣፉን መልሰው ጠቀለሉት። «እኔ አልቀበልም» አሉ።

አጎቴ ፊቱ ጠቆረ። አለቃው «ሌይሶንጊ፣ ሰው በደጃችን ቆሞ...» ብለው ሊያግባቡ ሲሞክሩ እናትህ እጃቸውን አነሡ።

«አልረገምኳትም። ሂጂም አላልኳትም። የተበደለው ልጄ ነው። በእሱ ፈንታ ይቅር ልል አልችልም፤ እሱ የሰው እርሻ ላይ ጎንበስ ብሎ እየለቀመ እኔ እዚህ ምንጣፍ ልቀበል? ምንጣፉ ቤቴ ይቀመጥ። መጥቶ ሲፈልግ ይውሰደው፣ ሳይፈልግ ይመልስላት።»

ያሙና ዶሮው ለመንደሩ ቀረ። ምንጣፉን እኔው ተሸክሜ እቤታቸው አደረስኩ። በሩ ላይ ስደርስ «እዚያ፣ የእሱ አልጋ ላይ» አሉኝ። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ራሳቸው ወደ እኔ መጡ። ኮረብታውን በእግራቸው ወርደው፣ ላብ በላብ ሆነው። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ጠጡ። «የምትጽፊለት ከሆነ የእኔንም ቃል ጻፊ» አሉኝ። እጃቸው ላይ ያለውን መሐረብ አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። «ያን ዕለት በሰው ፊት ያልኩትን ቃል አንሥቻለሁ በይው። ከሆዴ ነው የወጣው። ሁለት ቀን አምጬ ነው የወለድኩት፤ ይሄን አዋላጇም ታውቃለች። እኔ ለመስማት ሳልቸኩል ለመናገር ቸኩያለሁ በይው።»

ጻፍኩት።

«አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«ድጋሚ።» አነበብኩ።

«'ሁለት ቀን' የሚለው አለ?»

«አለ፣ ማማ።»

«ይሁን» አሉና ተነሥተው ሄዱ። ስለ እኔ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ወረቀቱ ይኸው፣ ከማኅተሙ ወረቀት ጀርባ አለ። በእርሳስ መጨረሻ ላይ የምታያት ምልክት የራሳቸው እጅ ናት።

ካልሳው፣ ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። ያን በወረቀት መለመን ለእኔ ይቀለኛል፣ ለአንተ ግን ይከብድሃል፤ ስትጠይቀኝ በዓይንህ እያየኸኝ ዋሽቼህ በደብዳቤ ይቅርታ መቀበል አልፈልግም። ወደዚህ ና ብዬም አላዝህም። ለጣሪያው መሐንዲስ እየፈለጉ ነው፤ ኔቲ ያንተን ስም አንሥታለች፤ ይህን የነገርኩህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ብቻ ነው። ማንደሪን መልቀም ካስደሰተህ እዚያው ልቀም፤ ግን አፍረህ አትልቀም። የምታፍርበት ነገር የለህም። ለጓደኞችህ መሐንዲስ ነኝ በላቸው።

ከመጣህ ደግሞ ቀኑን ላክልኝ። አጎቴን ልጥራና እናንተ ደጅ ልምጣ። ምንጣፉን አንሥተህ ሰው ሁሉ እያየ እግሬ ሥር ብትወረውረው አጎንብሼ አነሣዋለሁ፤ ይዤውም ቤቴ እገባለሁ። ብትቀመጥበት ደግሞ፣ ጠማማው ዳር ይቆረቁርሃልና በእናቴ በኩል ተቀመጥ።

የበደለችህ፣
ኤስሊን ቦንግ
ፖርት ቪላ